የሆራው አፈር

ኢዲዶ፣ ሰኔ 9 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽብሩ ልጅ፣ ለፈለቀ፤

ባለህበት የጌታ ሰላም ይብዛልህ፤ በረዶው አጥንትህ አይግባ፤ የሰው አገር ምግብ ይስማማህ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩህ ደብዳቤ በደህና ስለሚጀመር ነው እንጂ ደህና አይደለንም።

ፊታውራሪ ገሪማ ለርቢ ብለው እኛ ግቢ ያሰሯቸው ላሞች እያለቁ ነው። አንዷ ስትወልድ የእንግዴ ልጁ ውስጧ ቀርቶ ሸተተና ወደቀች። የሌላዋ ግት እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ሲያልቡት መግል ይወጣል። ጥጆቹ እግራቸው ደርቆ ለመጥባት እንኳ መቆም ያቅታቸዋል። እሾህ የጫረው ቁስል ይሰፋል እንጂ አይድንም። እንሰቱን ቆርጠን ቅጠሉን በየደጃቸው እናቀርባለን፤ ይበላሉ፤ በልተው ይሞታሉ።

ከብቶቹን የሚጠብቀው ታናሽህ ዘነበ መሆኑን ታውቃለህ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ላም ስትሞት ይርጉ ከሰዎቹ ጋር መጣ። ይርጉን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የተሾመ የፊታውራሪ የዘበኞች አለቃ ነው። ዘነበን ከቡና ማስጫው አጣና ጋር አሰሩት። «መርዝ አብልተህ ነው» አለው ይርጉ። ዘነበ ሳቀበት። ያንን ሳቁን ታውቀዋለህ፣ አባታችሁንም ያስገረፈ ሳቅ ነው። ጅራፉ ከትከሻው ሥጋ ይዞ እየተነሳ ደሙ እስከ ተረከዙ ወረደ። እኔን ሁለት ሰው ጠመንጃ ደረቴ ላይ ደግኖ አቆመኝ፤ ቆሜ አየሁ። ከዚያ በኋላ ፊታውራሪ በቅሏቸው ላይ ሆነው እንዲህ አሉ፦ «ጥምቀት ሲያልፍ ራሴ መጥቼ መንጋዬን አያለሁ። እስከዚያ ካላገገመልኝ ይህ መርዘኛ በሕይወት አይኖርም።» ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

አንተ የከብት ሐኪም ልትሆን ነው የሄድከው። እንግዲህ ሁን። መርፌ ላክልን፤ ለመግሉ፣ ለግቱ፣ ለሁሉም የሚሆን። ከብቶቹ ቆላ ወርደው የሆራውን ጨዋማ ውሃ ከጠጡና አፈሩን ከላሱ ደግሞ ሦስት ዓመት አለፋቸው፤ መንገዱ ተዘግቷል። እሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ ላንተ አልጽፈውም።

አጎትህ ሙሉካ


ኦስሎ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙሉካ፤

እግዚአብሔር እርስዎንና ቤተሰቡን በሙሉ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልቀመስኩም። የዘነበ ጀርባ እንዴት ሆነ? እባክዎ በሚቀጥለው እሱ ራሱ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ።

መርፌውን በፖስታ ብልክ መንገድ ላይ ይበላሻል። ቢደርስም ለተወሰኑ ቀናት ያክማል፤ ሌላ ጭረት ሲመጣ በሽታው ይመለሳል። ጋሼ፣ የጻፉልኝን ለአስተማሪዬ ሳነብለት ከወንበሩ ተነሳ። እዚህ አገርም እግራቸው የሚደርቅ ጥጆች አሉ፤ መሬቱ ሴሌኒየም የሚባል ማዕድን ስለሚያንሰው ነው። ይህ ነገር በጣም ጥቂት ሲሆን ሕይወት ይሰጣል፤ ትንሽ ሲበዛ መርዝ ነው። አስተማሪዬ አሁን የሚመረምረው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ማዕድን ያነሰው ከብት ባክቴሪያ ሲገባበት ለምን ቶሎ ይሸነፋል? ጥጆችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ማዕድኑን ጨምሮ፣ ግማሾቹን ሳይጨምር ይቀልባል። ከዚያ ለሁሉም ያንኑ ተህዋስ በመርፌ ይሰጣል። በደም ውስጥ ነጫጭ ዘበኞች አሉ፤ ተህዋሱን ሲያገኙ ይውጡታል። ማዕድኑ ባነሳቸው ጥጆች ዘበኞቹ ይውጡታል እንጂ የዋጡትን መግደል ያቅታቸዋል ብሎ ይጠረጥራል። ገና አልተረጋገጠም።

የኛ ከብቶች ቀድሞ ሆራ ሲወርዱ እንዲህ አይታመሙም ነበር። የስምጥ ሸለቆው አፈር ከደጋችን ቀይ አፈር የተለየ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ እጅዎ ላይ ነው፤ ከብቶቹን ሆራ ያውርዷቸው።

አክባሪዎ ፈለቀ ሽብሩ


ኢዲዶ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተማረው ልጃችን ለፈለቀ፤

የጌታ ጸጋ አይለይህ፤ እውቀትህ ይጨመርልህ፤ ማስተዋሉም አብሮ ይጨመርልህ።

ሆራ ያውርዷቸው አልክ። አንተ ልጅ፣ መንገዱ ተዘግቷል ብዬ ጽፌልህ ነበር። ላንተ የማልጽፈውን ልጻፍልህ እንግዲህ። ፊታውራሪ ቆላውን ለእርሻ ኩባንያ አከራዩት። ሆራው በእሾህ ሽቦ ታጠረ፤ ይርጉ ከነምንሽሩ እዚያ ይውላል። ባለፈው ዓመት የጎረቤቶቻችን ልጆች ሽቦውን አንስተው ላሞቻቸውን አስገቡ። ይርጉ ላሞቹን አልነካም። ልጆቹን ውሃው ዳር አንበረከካቸው፤ የአንዱን ጭንቅላት በሰደፍ እስኪከፈት ድረስ ቀጠቀጠው። ሁለተኛው በአንድ ዓይኑ ተመለሰ። ላሞቹ ጠምቷቸው ስለነበር ውሃውን ከነደሙ ጠጡት ይላል የተረፈው።

ነጫጭ ዘበኞች ያልካቸው ደግሞ አሳቁኝ። የኛዎቹ ዘበኞች የሚያንሳቸው ማዕድን የለም፤ ይውጣሉም ይገድላሉም። ለአስተማሪህ ግን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። መድኃኒቱን በእጁ ይዞ ግማሾቹን ጥጆች የሚነፍገው እንዲሞቱለት ነው? ፊታውራሪ እንኳ ከብት ሲሞትባቸው ይከፋቸዋል።

ዘነበ ጀርባው ድኗል፤ እንደ ታረሰ ማሳ ሆኖ ድኗል። ላሞቹ ግን አልዳኑም። ቡሬዋ፣ አንተ በልጅነትህ ጥጃ ሳለች አንገቷን አቅፈህ የምትተኛት፣ አንዱ የግቷ ጎን በስብሶ ወደቀ። ትል ነበረው። ዘነበ በገጀራ አንገቷን ቆረጠላት፤ ከዚያ ዞር ብሎ የእንሰቱን ግንድ እጁ እስኪዝል ከተከተው። ጥምቀት እየቀረበ ነው። ያንን ማዕድን ካወቅከው ዱቄቱን በቆርቆሮ አድርገህ ላክልን። ሌላ ምክር አልፈልግም።

ሙሉካ


ኦስሎ፣ መስከረም 15 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙሉካ፤

አዲሱ ዓመት የምሕረት ዓመት ይሁንልን። ስለ ሽቦው ባለማወቄ አፍራለሁ። ስለ ቡሬም አለቀስኩ፣ አልደብቅዎትም።

ጥያቄዎን ለአስተማሪዬ አቀረብኩ። «ለይተን ካላየን አናውቅም፤ ካላወቅን ሁሉም ይሞታሉ» አለኝ። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ለእርስዎ ስጽፈው ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።

ዱቄቱን አልልክም፤ አይቆጡኝ። ለአንድ ላም የሚበቃው ከአንዲት የጤፍ ቅንጣት ያነሰ ነው። ቤታችን ጨው እንዴት እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ ለታመመችው በእፍኝ ይጨመራል። እንደዚያ ከሆነ በአንድ ቀን መንጋው በሙሉ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ዘነበን መርዘኛ ያሉት እውነት ሆነ ማለት ነው።

የሆራው አፈር ግን እንደዚያ አይደለም። ከብት ከጥንት ጀምሮ እየላሰው ኖሯል፤ የሚፈልገውን ያህል ልሶ ይተዋል። ሳስበው ደግሞ ከብቶቹ ወደ አፈሩ መሄድ የለባቸውም። አፈሩ ወደ እነሱ ቢመጣ ይበቃል። አንድ ሰው በጆንያ ተሸክሞ ሊያመጣው ይችላል። ከሽቦው ውጭም ያው አፈር ሊኖር ይችላል። በገንዳ በውሃ እየበጠበጡ በየሳምንቱ ይስጧቸው። ከአፈሩ ጥቂት፣ ከላሞቹም ጅራት ጥቂት ፀጉር በፖስታ ይላኩልኝ፤ አስተማሪዬ ሊመረምረው ይፈልጋል።

ዘነበ አሁንም አልጻፈልኝም። ተቀይሞኝ ነው?

አክባሪዎ ፈለቀ


ኢዲዶ፣ ኅዳር 18 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈለቀ፤

ጌታ የእጅህን ሥራ ይባርክ። ዛሬ ደህና ነን ስልህ እውነቴን ነው።

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ሳነብ ዘነበ አላስጨረሰኝም፤ ተነስቶ ጆንያ ይፈልግ ጀመር። «በጆንያ? ይኼ ፈረንጅ ያደረጉት ልጅ አንዳንዴ ጭንቅላት አለው» አለ። ከሽቦው ውጭ ያለው አፈር ከብት አይልሰውም፤ ቀምሰን ጣልነው፤ ጨውነት የለውም። ስለዚህ በሸምበቆው በኩል ደረቱን መሬት አስይዞ ይገባል። ሲመለስ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ይቀላቀላል። እነሱ አፈር ሲሸከሙ ምን ይዛችኋል ብሎ የሚጠይቃቸው የለም፤ ሰው ሊጠጋቸውም አይወድም። ዘነበ ግን ከእነሱ ጋር ይበላል፣ ይተኛል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሰምተው አጉረመረሙ። እኔም መለስኩላቸው፤ ምን ብዬ እንደመለስኩ በሚሲዮኑ እጅ ለሚያልፍ ደብዳቤ አይሆንም።

ላሞቹን ብታይ። መጀመሪያ ቀን ገንዳውን በቀንዳቸው ተሻሙበት፤ ሁለቱ ተወጋግተው ደሙን እያፈሰሱ ይልሱ ነበር። ያ የውጊያ ቁስል ይመግላል ብዬ ስጠብቅ ደረቀ። ባለፈው ሳምንት ዳለቻዋ ወለደች፤ የእንግዴ ልጁ ያኑ ዕለት ወጣ። ጥጃው ቆሞ ጠባ። ዘነበ ያን ሲያይ ሜዳ ላይ ተንከባለለ። ለመጻፍ ጊዜ የለኝም ይላል፤ አልተቀየመህም።

ፀጉሩንና አፈሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ደብዳቤዎችህን እንደ ወትሮው በይርጋጨፌ በሀዲጃ ሱቅ በኩል አድርግ፤ የፖስታ ቤቱ ሰው ለፊታውራሪ ወሬ ያመላልሳል።

አጎትህ ሙሉካ


ኦስሎ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙሉካ፤

የልደቱ በዓል በጤና ያድርስዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ።

እዚህም ሙከራው አብቅቷል። ማዕድኑን ያላገኙት ጥጆች በተህዋሱ ተይዘው ተጋደሙ፤ ያገኙት ትኩሳታቸው ወርዶ ተነሱ። ከዚያ ግን የተነሱትም መገደል አለባቸው፤ ጉበታቸው ካልታየ ሥራው አያልቅም። አስተማሪዬ የከብት መግደያውን ሽጉጥ ሰጠኝ። ግንባራቸው ላይ አድርጎ መሳብ ነው። የዳነችው ጥጃ አፍንጫዋን መዳፌ ውስጥ ከትታ ጨው ትፈልግ ነበር። ሳብኩት። እግሯ ብዙ ጊዜ ረገጠ፤ ቦት ጫማዬ ላይ ደም ተረጨ። ማታ ስታጠብ የዘነበ እጅ በገጀራው ላይ ታወሰኝ። እሱ ያደረገው ለምሕረት ነው። እኔ ያደረግኩት ለማወቅ ነው።

የላኩልኝ አፈር ጥቂት ስለሆነ የመጀመሪያው ምርመራ ብቻ ተሠራለት። ማዕድኑ አለበት፤ አስተማሪዬ በጣም ተደሰተ። በጥናቱ ጽሑፍ ላይ ስሜን ሊያስገባልኝ ቃል ገብቷል። ዘነበ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሶ ግማሽ ጆንያ ቢያመጣ፣ በሚሲዮኑ በኩል እንዲላክልኝ ይሁን። አደራ።

አክባሪዎ ፈለቀ


ኢዲዶ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1966 ዓ.ም.

ፈለቀ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህንን የምጽፈው ቸኩዬ ነው፤ ተቀምጠህ አንብበው።

ዘነበ ተመቷል። ጆንያውን ሞልቶ ከሸምበቆው ሲወጣ አንድ ዘበኛ ደረሰበት። ተኮሰ፤ ጥይቱ ጭኑ ውስጥ ገባ። ዘነበ ወድቆ ዘበኛው ሊጨርሰው ሲቀርብ፣ ከተኛበት በገጀራ ጉልበቱን መታው። ሲወድቅለት ደግሞ አንገቱን። ይህንን የነገረኝ ራሱ ነው፣ እየሳቀ። ሸክላ ሠሪዎቹ በቃሬዛ ላይ አድርገው፣ ላዩን በጭቃና በገል ሸፍነው እዚህ አደረሱት። ለእነሱ እግዚአብሔር ይክፈላቸው። ጆንያውንም አልጣሉትም።

ሆስፒታል ለምን አልወሰድከውም ትላለህ። ይርጉ ሆስፒታሉ በር ላይ ሰው አቁሟል፤ የጥይት ቁስል ይዞ የሚመጣን ይጠብቃሉ። ከአልጋው አንስተው ይሰቅሉታል። ወጌሻው ጥይቱን በጋለ ቢላዋ አወጣ፤ አራት ሰው ያዘው። አሁን ጭኑ እንደዚያች ላም ግት ጠጥሯል። ይመግላል። ሽታው ያው ሽታ ነው፤ አውቀዋለሁ።

አንተ እንደጻፍከው አፈሩ ዘበኞቹን ያበረታል፣ የዋጡትን ይገድላሉ። ላሞቹ ላይ አይቻለሁ። ስለዚህ ውሃውን አጥልዬ ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ፤ ቁስሉም ላይ አደርግለታለሁ። እሱም «ላም ከዳነችበት እኔ ምን አንሼ» እያለ ይጠጣል። ለሰው የሚበቃው ስንት ነው? በስኒ ንገረኝ። ቶሎ ጻፍ።

ሙሉካ


ኦስሎ፣ ጥር 6 ቀን 1966 ዓ.ም.

ጋሼ ሙሉካ፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። አፈሩን ቁስሉ ላይ አያድርጉ። አያጠጡት። ቁስሉን ባፈሉት ውሃ ይጠቡ። ማዕድኑ ለወራት ሲጎድለው የቆየ አካልን ነው የሚጠግነው፤ የገባ መግል አያወጣም። አፈር ውስጥ ደግሞ ሌላ ተህዋስ አለ። ላም ሌላ ነው። ይህንን አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ።

ፔኒሲሊን ያስፈልገዋል፤ ዛሬውኑ። ለሚሲዮኑ ሐኪም ስም ሳልጠቅስ ቴሌግራም ልኬያለሁ፤ ማታ ወደ ኢዲዶ እንዲመጣ ለምኛለሁ። ካልመጣ ተሸክማችሁ ውሰዱት። ካሰሩት ይሰሩት። እስር ቤት ያለ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። እለምንዎታለሁ፤ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። የታኅሣሡን ደብዳቤዬን አያንብቡት፤ ይቅደዱት።

ፈለቀ


ኢዲዶ፣ ጥር 16 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለፈለቀ ሽብሩ፤

እግዚአብሔር ያጽናህ። ሰላምታው ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰው ከቦ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው። እዚያ ማን ይከብሃል? ስለዚህ እኔ ነግሬሃለሁ። ወንድምህ ዘነበ ጥር 12 ቀን ሞተ። መንጋጋው ተቆልፎ፣ ጀርባው እንደ ቀስት ተለጥጦ ሞተ። መጨረሻ ላይ መሳቅም አቃተው።

የሚሲዮኑ ሐኪም በጥምቀት ዋዜማ መጥቶ ነበር፤ ማን እንደላከው አልነገረንም። መንጋጋውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «የሚጠጣ ምን ሰጣችሁት?» ሲለኝ ገንዳውን አሳየሁት።

ዘነበ በሞተ በማግስቱ ሬሳው ጓዳ ተኝቶ ሳለ ፊታውራሪ እንዳሉት መጡ። ሴቶቹን አፋችሁን ያዙ አልኳቸው፤ ሸማቸውን ነከሱ። ፊታውራሪ መንጋውን ዞረው አዩ። ፀጉራቸው ያብረቀርቃል፤ ግታቸው ለስላሳ ነው፤ ጥጆቹ ይዘላሉ። በጣም ደስ አላቸው። «አየህ፣ መርዘኛው ሲጠፋ ከብቱ አገገመ» አሉኝ፤ ዘነበ ኮበለለ ብለን አስወርተን ነበር። ካቦርታቸውን አውልቀው አለበሱኝ። ወንድምህ በግድግዳው ማዶ፣ እኔ በፊታውራሪ ካቦርት ውስጥ እጅ ነሳሁ። ይህንንም አደረግኩ።

ሲሄዱ ለቅሶው ወጣ። የጎረቤቱ ሰው፣ ሸክላ ሠሪዎቹ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም ሳይቀሩ መጡ። ለትልቅ ሰው ለቅሶ ከብት ይነዳል፣ ይታረዳል፤ ለዘነበ ግን ከብት የለንም። ይህን ሳስብ በረቱን ከፈትኩት። ዳለቻዋን መጀመሪያ ጣልኳት። ጉልበታቸውን በገጀራ እያልኩ፣ ሲንበረከኩ አንገታቸውን፣ አንድ በአንድ። ሽማግሌዎቹ ጮኹ፤ ሊይዘኝ የደፈረ አልነበረም። ያን ጥጃ ዘነበ የተንከባለለለትን ስደርስበት እጄ ቆመ፤ ከዚያ እሱንም። ግቢው በደም ረጥቦ ጫማ ያሰጥማል። ሰው መጀመሪያ ፈራ፤ በኋላ ቢላዋ እየያዘ ቀረበ። ሸክላ ሠሪዎቹን ከፊት አስቀመጥኳቸው፤ ከሁሉም ጋር ከአንድ ቅጠል በሉ። የማን ከብት ነው ላለኝ የዘነበ ነው አልኩት።

አንተ ስለ ጉበት ስለጻፍክ የሁሉንም ጉበት አየሁ። ቀይ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ አንድ የመግል ነጥብ የለበትም። ትምህርትህ ልክ ነበር፤ የተሳሳተ የለም ብሎ ማንም አያጽናናህ፣ ትምህርቱ ግን ልክ ነበር።

የታኅሣሡን ደብዳቤህን ዘነበ በሞተበት ዕለት ሀዲጃ ላከችልኝ። ዘነበ ይመለስና ግማሽ ጆንያ ያምጣልኝ ብለሃል። የመጨረሻው ጆንያ አለ፤ የዘነበ ደም ያረፈበት ጎን ጠጥሯል። ሚሲዮኑ ይልክልሃል፤ ለአስተማሪህ ስጠው፤ ደሙን ከአፈሩ ሳይለይ ይመርምረው።

ይርጉ እስካሁን አልመጣም። ነገሌ ያሉ ወታደሮች አመፁ ይባላል፤ የዲላ ፖሊስ መንገዱን እየጠበቀ ነው፤ ፊታውራሪም በራቸውን ዘግተዋል አሉ። ቢሆንም ይመጣል። ሴቶቹን ወርቃ ከተማ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ሰድጃለሁ። ካቦርቱን ገንዳው ውስጥ ጥዬዋለሁ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ገጀራውን ስዬ ጨርሻለሁ፤ ከዚህ ወረቀት ሌላ የቀረኝ ሥራ የለም።

ወንድምህን ከአባትህ ጎን ቀበርነው። ስትመለስ ኢዲዶ አትግባ፤ ከዲላ ሳታልፍ ሰው ጠይቅ።

አጎትህ ሙሉካ